ሦስት ክረምት ሲቀረው

ነጻው አፕ ማስታወቂያ አለው፣ የሚከፈልበት ግን በምንም አያስቸግርም ተብሎ ነበር። ከፈልን። የከፈልነውን ዘርዝሬ ላለቅስ አይደለም፤ ገንዘቡ ገደል ይግባ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

እድላዊት እባላለሁ። መካነ ኢየሱስ ላይ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የገበሬውን ሁሉ ስልክ የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነኝ። በስልክ ነገር እኔን የሚያህል የለም ብዬ አምን ነበር፤ ሰውም እንደዚያ እያለ አሳበጠኝ። አባቴ ቄስ አድማሱ ከከተማው ወጣ ባለች ደብር ያገለግላሉ። የንስሐ ልጆቻቸው ከመቶ በላይ ናቸው።

በ2010 ዓ.ም. ስማርት ስልክ ገዛሁላቸውና አማርኛ መጻፍ አስተማርኳቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ፊደሉን ትልቅ አደረግኩላቸው። የሰው ቁጥር ሲመዘግቡ ግን «ዞር በይ» ይሉኛል። «ምነው አባ፣ ስም አይደል?» ስላቸው «የሰው ነው» ይላሉ። እኔም ዞር እላለሁ። የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ችግር ነበረባቸው። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። እንኳን ደስ አለዎት፣ ይሸለሙ፣ ይደውሉ፣ ይላኩ። በዚህ ላይ የንስሐ ልጆቻቸው ቁጥር መቀያየር ይወዳሉ፤ ሲደውሉ «አባ፣ እንደምን አደሩ» ይላሉ እንጂ ስም አይናገሩም። አባቴ ደግሞ የራሳቸውን የንስሐ ልጅ «ማን ልበል?» ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ሳያውቁት ግማሽ ሰዓት ያወሩና ስልኩን ሲዘጉ «ማን ነበር ይህ ሰውዬ?» ይሉኛል።

እኔ አዋቂዋ መፍትሔ አገኘሁ። ያልተመዘገበ ቁጥር ሲደውል የማን እንደሆነ ስሙን የሚያሳይ አፕ አለ። ስሙን አልጠራም፣ ነጻ ማስታወቂያ አልሠራለትም። በየወሩ ከካርድ የሚቆረጥበትን፣ ማስታወቂያ የለውም የተባለውን መርጬ እሱቄ ውስጥ ጫንኩላቸው። ስልክ ቁጥሮችህን ልይ? ፍቀድ። መልእክቶችህን ላንብብ? ፍቀድ። ያለህበትን ልወቅ? ፍቀድ። ድምፅህን ልስማ? ፍቀድ። አንዱን እምቢ ብትለው ተከፍሎትም አይሠራም። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኝ ስለነበር አንዱንም ሳላነብ ነካ ነካ አደረግኩና ስልኩን መለስኩላቸው።

«ምን ጠይቆሽ ነው?» አሉኝ አባቴ።

«ምንም። ልሥራ ወይ ነው የሚለው» አልኳቸው።

ማስታወቂያውስ ቀረ? የት ይቀራል። በዐቢይ ጾም የዕለቱን ምንባብ ከግጻዌያቸው ሊያዩ ስልኩን ሲከፍቱ፣ አረፋው የሚፈስ የቢራ ብርጭቆ ድቅን አለባቸው። ሰው እንዳያይባቸው በጋቢያቸው ሸፈኑት። ሄጄ ስመለከተው፣ ማስታወቂያ ሳይሆን «የአጋሮቻችን መልእክት» ነው ይላል። እየከፈልን ተዘባበቱብን። ያኔ ነቅዬ መጣል ነበረብኝ። ግን አንድ ሰው ባስገባሁ ቁጥር የአንድ ወር ክፍያ ይቀርልሻል ተባልኩና የደንበኞቼን ስልክ በተራ በዚያ አፕ መሙላት ጀመርኩ። ከእነሱ አንዱ አበባው ነበር።

አበባውና አዱኛ ወንድማማቾች ናቸው፤ ማሳቸውም አጠገብ ላጠገብ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የአበባው በሬ ገደል ገብቶ ተገኘ። አዱኛ ሳያስፈቅድ ፈትቶ ሲያርስበት ነው ተባለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አዱኛ መስቀል ይዞ «በሬውን እኔ አልፈታሁም» ብሎ ማለ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ። አበባው ግን በአንድ በሬ ቀረ። በአንድ በሬ አይታረስም፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ፤ ልጁን ከዘጠነኛ ክፍል አስወጥቶ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ላከው።

ከአራት ዓመት ወዲህ ደግሞ አዱኛ ጥማድ በሬዎቹን እየነዳ መጥቶ፣ የራሱን ሳይነካ፣ የወንድሙን ማሳ ያርስ ጀመር። ማንም አልለመነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ያርሳል፣ ይዘራል፣ ከወንድሙ ቤት ምሳውን በልቶ ይሄዳል። አበባው እሱቄ ሲመጣ ወሬው ይኸው ነበር። «ወንድም ማለት እንደ አዱኛ ነው» ይለኛል። ልጁ ከመተማ ስማርት ስልክ ሲልክለት ያን አፕ የጫንኩለትም እኔ ነኝ፤ ማንበብ ስለማይችል የሚነካውን በቀለም አሳየሁት።

ግንቦት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አበባው መጣ። ሦስት ሰዎች ፎቶ ኮፒ እየጠበቁ ነበር። «የአዱኛ ስልክ ገበያ ላይ ጠፍቶበት አዲስ ቁጥር አውጥቷል። ትናንት ደውሎልኝ ነበር፣ እስቲ መዝግቢልኝ» አለና ሰጠኝ። ከፈትኩት። ስም አለው።

«ተመዝግቧል እኮ» አልኩና ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «አዱኛ፣ በበሬው በሐሰት የማለ፣ ሰባት ክረምት ለአበባው ይረስ።»

አፌ ነው የቀደመኝ። አንብቤ ስጨርስ ነው ያነበብኩት የገባኝ። ሰባቱ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር ነበር። እኔ በማውቀው አገር ስልክ ላይ ሰባትን በግዕዝ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እንዲያ መጻፍን ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።

«ድገሚው» አለ አበባው።

«ስልኩ ተበላሽቶ ነው።»

«ስሜ አለበት። ስሜን ሰምቻለሁ።»

ስልኩን ከእጄ ወስዶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ቆለፈው። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ዱላውን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፈ ረስቶት ሄደ። ሦስቱ ሰዎች ወረቀታቸውን ሳይወስዱ ተከትለውት ወጡ፤ ወሬው ከእነሱ ጋር ገበያ ገባ።

ምን እንደሆነ በኋላ ነው አጣርቼ የገባኝ። ያ አፕ የአባቴን መዝገብ እንዳለ ገልብጦ ወስዷል። አዱኛ አዲሱን ቁጥር ለንስሐ አባቱ ነግሮ ነበር፤ አባቴም በልማዳቸው መዝግበውታል። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር በደወለበት ስልክ ሁሉ፣ አፑ ካለበት፣ አባቴ የጻፉት ይወጣል። መቶ ምናምን ሰው፣ ኃጢአቱና ቀኖናው በስሙ ላይ ተለጥፎ።

በዚያው ዕለት ቤት ሄጄ «ላስተካክለው» ብዬ አፑን ከአባቴ ስልክ አጠፋሁት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ሰኔ ገባ። አዱኛ ጥማዱን ነድቶ ማሳው ጫፍ ሲደርስ አበባው መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀው። «በሬህን መልስ» አለው። «ቅጣትህን ሌላ ማሳ ላይ ጨርስ።» አዱኛ በሬዎቹን መለሰ።

በማግሥቱ አዱኛ ቤታችን መጣ። እኔ ውኃ ይዤለት ገብቼ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«አባቴ» አለ፣ አልተቀመጠም። «ሰባተኛው ክረምት ሲያልቅ ራስህ ንገረው፣ ያኔ ጫማው ላይ ውደቅ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ ብለውኝ አልነበር? ሦስት ክረምት ነበር የቀረኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ያረስሁ ለቅጣቴ ነው፤ እየጠላሁት ነው ያረስሁ። ከሁለተኛው ወዲህ ግን እግዜር ያውቃል፣ ቀኖና መሆኑን እረሳው ነበር። ወንድሜ ነው እያልሁ ነው የማርስ። አሁን ይህን ማን ያምነኛል? አራቱንም ዓመት የበላሁለትን ምሳ የሌባ ምሳ አደረገብኝ። ለማን ነገሩብኝ አባቴ?»

«ለማንም አልነገርሁም ልጄ» አሉ አባቴ።

«ከእርስዎና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

አባቴ ከመደባቸው ተነሡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቄስ፣ አንድ ገበሬ ፊት ጎንበስ ብለው መሬት ነኩ። «አልነገርሁም፤ ከእኔ ወጥቶ ከሆነ ግን ይቅር በለኝ» አሉት። አዱኛ መስቀል ሳይሳለም ወጣ። ውኃው እጄ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እድል» አሉኝ፤ ሲያቆላምጡኝ እንዲያ ነው። «እኔ የሰውን አባት ስም መያዝ አልችልም፤ አዱኛ ብቻ አራት አሉኝ። በሸክማቸው ነው የማውቃቸው። ረስቼ ለአንዱ የሌላውን ቀኖና እንዳልጠይቀው ብዬ ስልኬ ላይ እጽፈው ነበር። ስልክ የጻፉበትን ለሌላ ይነግራል እንዴ? አንቺ የነካሽው ነገር ይኖር ይሆን?»

አሁን ተናገሪ። አሁን። ልቤ እንዲያ እያለኝ ስንቱን ስልክ እንደሞላሁ አሰብኩ። የገበያው ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ሱቄ በር ላይ ሲሰለፍብኝ ታየኝ።

«የለም አባ» አልኳቸው። «የሆነ ቦታ ጥለውት ሰው ከፍቶ አይቶት ይሆናል።»

«ይሆናል» አሉ። አመኑኝ። ስልካቸውን የት የት እንዳስቀመጡ ያስታውሱ ጀመር። ቤተ ልሔሙ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰንበቴ። እያንዳንዱን ቦታ እየጠሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሳምንቱ ቤተ ክህነት ሄደው በራሳቸው ላይ ተናገሩ፤ በእኔ ቸልተኝነት የንስሐ ምሥጢር ወጥቷል፣ ከእንግዲህ ኑዛዜ አልቀበልም አሉ። ይቆዩ ያላቸው ሰው እንኳ አልነበረም። የንስሐ ልጆቻቸው ቀድመው ሄደው ነበር። አንዳንዱ አሁን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ነጠላውን ወደ ፊቱ ስቦ ያልፋል።

እኔ ደግሞ እልህ ያዘኝ፤ የአፑ ድርጅት ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የኳስ ውርርድ ማስታወቂያ አሰሙኝ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ አንዲት ለስላሳ ድምፅ «ውድ ደንበኛችን» አለችኝ። ጉዳዩን ነገርኳት። የሰው ምሥጢር ነው፣ ንስሐ ነው፣ ከመዝገባችሁ ሰርዙት አልኳት።

«ስሞቹን የጻፉት ባለስልኩ ናቸው፤ የፈቀዱትም እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

«አፑን አጥፍቼዋለሁ እኮ።»

«አፑ ቢጠፋም መረጃው እኛ ጋ ይቆያል። ማስሰረዝ የሚፈልግ እያንዳንዱ ባለቁጥር አፑን ጭኖ፣ የሚጠየቀውን ፈቃድ ሰጥቶ፣ በራሱ ማመልከት ይችላል። ሌላ የምረዳዎት አለ?»

መቶ ምናምን ገበሬ። አንድ በአንድ ጠርቼ፣ ኃጢአትህ በስልክ ወጥቷል፣ ለማጥፋት ፍቀድ በል ልበለው? ብዙዎቹ እኮ የሚነኩት ስልክ የላቸውም፤ በአዝራር ነው የሚደውሉ። የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም እንጂ የምለውን አውቅ ነበር።

ማሳው ሳይታረስ ነሐሴ ሆነ። ከመናኸሪያው መለስ ሲሉ ከመንገድ ዳር ይታያል፤ ግራና ቀኙ ገብስ ነው፣ የአበባው ማሳ አረም። ዱላው አሁንም እሱቄ ውስጥ፣ እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። መጥቶ አልወሰደውም፣ እኔም አላደረስኩለትም።

አንድ ቀን ሱቁ ጭር ሲል፣ ማስሰረዙ እንዴት እንደሆነ ልሞክረው ብዬ በራሴ ስልክ አፑን ከፈትኩ። የማስታወቂያው ቆጠራ ከአምስት ወደ ዜሮ እስኪወርድ ጠበቅኩ። የራሴን ቁጥር አስገባሁ። እኔን አባቴ ምን ብለው እንደመዘገቡኝ አስቤው አላውቅም ነበር።

«እድላዊት ልጄ የማትዋሸኝ» ይላል።

ከሥሩ ትንሽ ጥያቄ አለ። ይህ ስም ትክክል ነው? አዎ። አይደለም።

ይህ ነገር ከጠየቀኝ ሁሉ አንብቤ የመለስኩለት ያንን ብቻ ነው። አይደለም የሚለውን ነካሁ። እናመሰግናለን አለኝ። ለአባቴ ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።