የታጠበው መርፌ

ንቅሳተኛዋ የማሽኗን ድምፅ እንደ ልጇ ሳል ታውቀዋለች። ፔዳሉን ስትረግጥ በጥቅል ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ሽቦው ማግኔት ሆኖ ትንሿን ብረት ወደ ታች ይስባል፣ መርፌውም አብሮ ይወርዳል። ብረቷ ስትወርድ መስመሩ ይቋረጥና ሞላው መልሶ ያነሳታል። ይህ በአንድ ሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል ይመላለሳል። በደንብ ሲስተካከል የንብ ድምፅ አለው። ዛሬ ጠዋት ግን ይንገጫገጭ ጀመር።

አጥፍታ አገላበጠችው። ብሎኑ ተነክቷል። መርፌው ከልኩ በላይ ወደ ውጭ ወጥቷል። እሷ ሁልጊዜ አውልቃ ነው የምትጥለው፤ ይሄኛው ግን እንደተሰካ ሰንብቷል፣ ሥሩ ላይም ጥቁር ቀለም ደርቆበታል። ደሟ ፈላ።

«እትዬ!» ብላ ጮኸች። ክፍሏ ከታላቅ እህቷ ፀጉር ቤት ጀርባ ናት፤ በመሃላቸው መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። «ማሽኔን ማን ነካው?»

እህትየዋ መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች። «ምነው፣ ሰው የሞተ አስመሰልሽው! ቅዳሜ አንቺ ስትቀሪ ቅንድብ ሊሠሩ የመጡ ነበሩ። እንዲሁ ልመልሳቸው?»

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

«በአንድ መርፌ?»

«በመሃል በአልኮል አጥቤዋለሁ። ንጹሕ ነው።»

ንጹሕ! ማንኪያ መሰላት እንዴ? መርፌ የላይኛውን ቆዳ አልፎ ሁለተኛው ሽፋን ድረስ ይገባል፤ ደም ይነካል፣ ደሙም ከቀለሙ ጋር በማሽኑ ቱቦ ሽቅብ ይሳባል። ለዚህ ነው አንድ መርፌ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆነው። ጀማሪ እንኳ በመጀመሪያው ቀን ይህን ይማራል።

ዘመድ አዝማዱ ሥራዋን «የወሮበላ ሥራ» ይለዋል። የቱ ወሮበላ? እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጡት የልጁን ስም ክንዱ ላይ ያስጻፈ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የቃጠሎ ጠባሳዋን በቅጠል ያስሸፈነች ነርስ ናቸው። ዛሬ ደግሞ ተራው የአንዲት መምህርት ነው። ካንሰር አንድ ጡታቸውን ወስዶባቸዋል፤ ሐኪሞች በሠሩላቸው አዲስ ጡት ላይ ጫፉን እንድትስልላቸው ጠባሳው እስኪድን አንድ ዓመት ጠብቀዋል። ዘመዶቿስ ወሮበላ ከፈለጉ ሩቅ መሄድ አያሻቸውም፤ ከመጋረጃው ማዶ አለችላቸው።

መምህርቷ ጥቁር መነጽር አድርገው ገቡ።

«እንዳትቆጪኝ ልጄ» አሉ። «ሕክምናው ቅንድቤን አርግፎት አልመለስ ብሎኝ ነበር። ቅዳሜ አንቺን ፍለጋ ብመጣ እህትሽ ሠራችልኝ። ከፊቴ የነበረችው ሴት ስትነሳ እኔ ተቀመጥኩ፤ አላስጠበቀችኝም።»

መነጽሩን አወለቁት። መስመሩ ከቆዳው ሥር ተሰራጭቶ ሰማያዊ ሆኗል፤ ዙሪያው ቀልቷል፣ ዓይኖቻቸው በእብጠቱ ጠበዋል።

እህትየዋ ከኋላ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» አለች በሹክሹክታ። «ዋ! እንዳትናገሪ።»

ንቅሳተኛዋ እጇን መንጭቃ አስለቀቀች።

«ዛሬ አልሠራልዎትም» አለች። «አሁን አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ ደምዎን መመርመር አለብዎት። ቅንድብዎ የተሠራበት መርፌ ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ላይ ገብቷል።»

መምህርቷ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ያን ሁሉ መከራ አልፌ» አሉ፤ «በቅንድብ?»

«ኧረ ማካበድ!» አለች እህትየዋ። «ታጥቧል አልኩ እኮ! ሰው ለምን አይሰማም?»

ንቅሳተኛዋ ጓንቷን አጠለቀች። ማሽኑን ከነአሮጌ መርፌው አነሳችና ፔዳሉን ረገጠች።

«እንግዲያው ነይ ቁጭ በይ» አለቻት። «ያንቺም ቅንድብ ሳስቷል። ታጥቧል አላልሽም?»

ማሽኑ ተንገጫገጨ። እህትየዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸችና ሁለቱንም ቅንድቦቿን በመዳፎቿ ሸፈነች። መምህርቷ ባበጡት ዓይኖቻቸው ያዩአት ነበር።