ጃንጥላ የተያዘለት መትረየስ

ሐምሌ 2007 ነው። ከቆሰበር ወጣ ብሎ፣ ጥርባ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ፣ የመሣሪያ ገምጋሚው ኮሚቴ ዝናብ ይወርድበታል። ከባሕር ማዶ የመጣውን መትረየስ ግን ጠብታ አልነካውም፤ ወታደር እንየው ጃንጥላ ይዞለታል።

ጃንጥላው የሻጩ ወኪል የፈረንጁ ሐሳብ ነው። «መጀመሪያ ደረቅ ሙከራ» ብሏል በአስተርጓሚዋ በሣራ በኩል። አዊ ውስጥ በሐምሌ ደረቅ ነገር መፈለግ ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ የነገረው የለም።

«ከፍ አድርገው፤ አፈሙዙ እየረጠበ ነው» አሉ ሰብሳቢው ሻለቃ በኃይሉ።

«እኔስ ጌታዬ?» አለ እንየው። በአንገቱ የገባው ውኃ በሱሪው እግር ይወጣል።

«አንተ አትዝግም።»

ኮሚቴው ሳቀ። ያልሳቀችው የቴክኒክ አባሏ ሻምበል ምሥራቅ ናት። ታናሽ ወንድሟ አየነው ዝናብ በማይጠፋበት ጠረፍ መትረየስ ተኳሽ ነው፤ ይኼ መሣሪያ ካለፈ መጀመሪያ የሚታደለው ለእነሱ ጦር ነው።

በጃንጥላው ሥር መትረየሱ ግሩም አድርጎ ተኮሰ። ኢላማው ወንፊት ሆነ፤ ፈረንጁ ፈገግ አለ፤ ከኮሚቴው አንዱ የምሳ ነገር አነሳ።

«አሁን ጃንጥላው ይነሳ» አለች ምሥራቅ።

«መስፈርቱ ላይ አለ?» አሉ ሻለቃው።

«መስፈርቱ ላይ ባይኖርም ሰማዩ ላይ አለ፣ ጌታዬ።»

እንየው ጃንጥላውን አነሳና ወደ ራሱ ሊያስጠጋው ሲል ሻለቃው አዩት። አጠፈው። መትረየሱ ጭቃው ላይ ተጋድሞ ቆየ። ከዚያ ለሙከራው የተመደበው ተኳሽ ቃታውን ሳበ። ጥቂት ጥይት ወጣ፤ አንዱ ተሰነቀረና ዝም አለ። ጠርገው ደገሙት። ደግሞ ዝም አለ። ፈረንጁ ረጅም ነገር ተናገረ።

«ችግሩ የጭቃው ነው ነው የሚለው» ብላ ሣራ አሳጠረችው።

ኮሚቴው ድንኳን ውስጥ ገብቶ፣ መሣሪያው አልፏል በሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ ከምሥራቅ በቀር ሁሉም ፈረመ።

«ሻምበል፣ አሁን ልጆቹ እጅ ያለው በዕድሜ ከአባትሽ ይበልጣል» አሉ ሻለቃው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይኼ ቢያንስ በጋ በጋውን ይሠራል። አሮጌውን ይዘው ይሙቱ ትያለሽ?»

«ሌላ ይምጣላቸው።»

«ሌላው ሁለት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያስ?»

ምሥራቅ እስክሪብቶውን ተቀበለች። «በዝናብ ጊዜ ይሸፈን» የሚል አስተያየት ጽፋ ፈረመች።

«እንዲህ ነው ባለሙያ» አሉ ሻለቃው።

ከድንኳኑ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። አየነው ነው።

«እታለም፣ አዲሱን መትረየስ የምትፈትሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። እውነት ነው?»

«ማን ነገረህ?»

«እዚህማ ወሬ ከስንቅ ቀድሞ ነው የሚደርስ።»

«ስማኝ አየነው፣ ያ መሣሪያ...»

«እኔን ስሚኝማ። ወደ ስንቅ ክፍል ሊያዛውሩኝ ነበር፤ እምቢ አልኋቸው። እህቴ ያየችውን መሣሪያ ሌላ ሰው አይዘውም አልኋቸው። ሳቁና ፈቀዱልኝ።»

«ተዛወር» አለችው። «አሁኑኑ ሂድና ልዛወር በል። ትሰማኛለህ?»

ስልኩ «ጢጥ ጢጥ» አለ። ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው፤ ኔትወርኩ ጠፍቷል። ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ ምንም የለም። ቀሚሷን ሳይሆን የወታደር ሱሪዋን እየሰበሰበች፣ ጭቃው ጫማዋን እየነጠቃት፣ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን መውጣት ጀመረች። ከኋላዋ የኮሚቴው መኪና ለምሳ ክላክስ ያደርግላታል።