የረሂማ ኻቱን መርዶ

በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ ከሞርስ ሮድ ጀርባ ባለው አፓርትመንት አንዋርና ሚስቱ ፍርዶስ፣ ጎረቤቶቻቸው እትዬ ቆንጂትና ጋሼ ሳህሌ፣ እንዲሁም እናቱ የሞቱበት ኑር ከማል ነበሩ። ኑር ከማል ከአገራቸው ከተባረሩት የእስያ ሙስሊሞች ወገን፣ ሮሂንጋ ነው። ከአንዋር ጋር አንድ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ ይሠራል፤ አንዱን ክፍልም ተከራይቶ ከነሱ ጋር ይኖራል።

እትዬ ቆንጂት ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ወደ ፍርዶስ ጠጋ አሉ።

«ይሄ ልጅ እስካሁን አላለቀሰም?»

«አላለቀሰም፣ እትዬ።»

«እኔ እንኳ የማላውቃቸውን ሴትዮ ስንት አለቀስኩላቸው።»

«እርስዎማ ለጎረቤት ድመትም አልቅሰዋል» አሉ ጋሼ ሳህሌ። ከዚያ ወደ አንዋር ዞሩ። «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች እስከ መቼ ካምፕ ይኖራሉ? አገራቸው አይገቡም?»

አንዋር ጥያቄውን ጅዳ ሲሠራ በለመደው ዓረብኛ አሻገረ። ኑር ከማልም መድረሳ በተማረው ዓረብኛ መለሰ።

«እናቴንም ካምፑ የመጡ እንግዶች እንዲህ ብለው ጠይቀዋት ነበር። ‹ዜጋ ናችሁ ይበሉን፣ መሬታችንን ይመልሱልን፣ ዛሬውኑ በእግሬ እገባለሁ። ያለዚያ ተመልሼ ሌላ እሳት ልጠብቅ?› አለቻቸው።»

መንደራቸው ሲቃጠል እሱ ማሌዥያ ነበር። እናቱ ረሂማ ድንበሩን የተሻገሩት የጎረቤት ልጅ አዝለው ነው። እሱ አሜሪካ ከገባ በኋላ ሊያመጣቸው ሲሞክር፣ ከካምፑ የቀርከሃ ጎጆ ሆነው ሳቁበት። «እኔን ብታወጣ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ የት ይገባል?»

ስልኩ ጠራ። ከካምፑ ወንድሙ ሰሊም ነው። ኑር ከማል በቋንቋቸው ጥቂት አወራና ዘጋው።

«ሰሊም ሐሙስ ማታ አንተ ጋ ደውሎ ነበር?»

አንዋር አንገቱን ደፋ። «ያንተ ስልክ ሥራ ቦታ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ነበር። እኔ ደግሞ ኦፍ ሆኜ ቤት ነበርኩ።»

«እዚያ ዓርብ ጠዋት ነበር፤ እስከ ቀትር ሶላት ጠብቀውኛል። ፊቷን ሳይሸፍኑ፣ በቪዲዮ እንድሰናበታት።»

«እኛ አገር መርዶ ሥራ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ከሥራ ስትገባም ደክሞህ ነበር፤ ትንሽ ይተኛ አልኩ። ጎህ ሲቀድ ጋሼንና እትዬን ሰብስቤ...»

«እዚህ ጎህ ሲቀድ ተቀብራ ነበር።»

«ቀብር ቶሎ እንደሚሆን ጠፍቶኝ አይደለም። ሰው ሳይከብህ፣ ብቻዬን ላረዳህ አቃተኝ።»

እትዬ ቆንጂት የአንዋርን ፊት አይተው «ምን አጠፋን?» ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቁ። ዓረብኛው የገባት ፍርዶስ እጃቸውን ያዝ አደረገች።

«አንተ አይተሃታል?» አለ ኑር ከማል።

«ሰሊም አሳይቶኛል።»

«ንገረኝ።»

አንዋር መዳፉን አገጩ ሥር አደረገ። «ነጭ ጨርቅ ነበር፣ እስከ አገጫቸው። ግንባራቸው ላይ መጨማደድ የለም። የግራ ቅንድባቸው ግን ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ሰው የማያምነውን ወሬ ሲሰማ እንደሚያደርገው።»

«እሷ ናት» አለ ኑር ከማል።

ተነስቶ አንዋር ፊት ተንበረከከ። እናቱን ያዩትን የአንዋርን ዓይኖች በጣቶቹ ጫፍ ቀስ ብሎ ዳሰሰ፤ ከዚያም ጣቶቹን ሳማቸው።

ሰኞ ሁለቱ በአንድ መኪና ግሮቭ ሲቲ ወዳለው ዌርሃውስ ሄደው ሥራ ገቡ።