ጨው ውስጥ የተደበቀ ክኒን

ልብስ ሰፊዋ የክሊኒኩን በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ ሁለት ጥርሶቿን በመዳፏ ይዛ ነበር። የላይኛው ከንፈሯ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ግራ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። በሌላው እጇ የሰባት ወር ሆዷን ከታች ደግፋለች። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ከአግዳሚው ብድግ አሉ። አንዷ «ውይ በሞትኩት!» ብላ ጮኸች። ልብስ ሰፊዋ ግን ማንንም አላየችም። ቀጥ ብላ ወደ ምክር መስጫው ክፍል አለፈች።

እዚያ የምትሠራውን ነርስ ሰፈሩ «አይዞሽ» ነው የሚላት። ከባሕር ማዶ በበጎ ፈቃድ ልታገለግል ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። መጀመሪያ የለመደችው ቃል እሱ ስለነበር ለሴቱም ለወንዱም፣ ለጢማሙ ዘበኛ ሳይቀር፣ «አይዞሽ» እያለች ስታድል ከረመች። ሰፈሩም ስቆ ስቆ ስሙን መልሶ ለራሷ ለጠፈላት። አሁን ቋንቋውን አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ትቀልዳለች፣ ሲያስፈልግም ትሳደባለች። ሥራዋ ደም መመርመር፣ ማማከር፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ማደልና ከሁሉ በላይ ዝም ማለት ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር፣ በዚህ ሥራ ፀጉራቸውን ያሸበቱት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን «የእኛ ነገር ሁለት ነው፤ መድኃኒት መስጠትና አፍ መዝጋት። አንዱ ከጎደለ ሌላው አይሠራም» ብለዋታል።

«ቁጭ በይ እህቴ። ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለች አይዞሽ ጓንቷን እያጠለቀች።

«አንቺ ነሻ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ደሙ ከቃሏ ጋር ተረጨ። «አንቺ ነግረሽው!»

«ለማን?»

«ለባሌ ነዋ! የብልቃጡን ጽሑፍ በምላጭ ፍቄ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ጨው ዕቃው ውስጥ ቀብሬው ነበር። ዛሬ ጠዋት እንቁላሉ ጨው አነሰው ብሎ ራሱ ሊጨምር ገባና አወጣው። የእርግዝና ቫይታሚን ነው አልኩት። አንዷን ክኒን መዳፉ ላይ አገላብጦ አየ፤ ከዚያ በቡጢ ጥርሴን አወለቀው። ‹ይህን በሽታ ከየት ለቅመሽ አመጣሽብኝ?› አለኝ። በያጅ እንጂ ሐኪም አይደለ፤ ስም የሌለውን ክኒን በምን አወቀው? ካንቺና ከእኔ በቀር ማን ያውቃል?»

አይዞሽ የስፌት መርፌውን መልሳ ትሪው ላይ አኖረች። በምን እንዳወቀው እሷ ታውቃለች። ሰውየው ያንኑ ክኒን አሥራ አራት ወር ሙሉ ሲውጥ ነው የኖረው! በየወሩ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ እየመጣ ከእሷው እጅ ይቀበላል። ለሚስትህ ንገራት ስትለው «ራሴ እነግራታለሁ፤ አንቺ ብቻ አደራሽን» ይላል። ኮንዶሙንም በካርቶን ይወስዳል፤ ምን ያደርግበት እንደነበር እንጃለት! ልብስ ሰፊዋ አርግዛ ለክትትል መጥታ፣ ቫይረሱ በደሟ ተገኝቶ፣ የባሏን ሥራና ሰፈር ስትናገር ነው አይዞሽ ሁለቱን ካርዶች ያገናኘችው። ያን ቀን ሲስተር ፊት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሲስተር «ሆድሽ ይቻለው ልጄ» አሏት። «የአንድ ሰው ምስጢር ከዚህ ቤት ከወጣ ሦስት መቶ ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ይሄዳል። እሱን እኔ አነጋግረዋለሁ።» አነጋገሩትም። በሚቀጥለው ወር እነግራታለሁ አለ።

«በእናቴ እምልልሻለሁ፣ አልነገርኩትም» አለች አይዞሽ።

«ታዲያ በምን አወቀ?»

ምን ትበላት? አቀረቀረች። ልብስ ሰፊዋም ያን ማቀርቀር አይታ ፈረደችባት። «ከዛሬ ጀምሮ የእናንተን ክኒን አልውጥም! ከንፈሬን ስፊልኝና ልሂድ» አለች።

መድኃኒቱን ካላቋረጠች ልጁ ነፃ ሆኖ ይወለዳል። ካቋረጠች ደግሞ የእናቱን ዕጣ ይዞ ሊመጣ ነው። የቀረው እኮ ሁለት ወር ብቻ ነበር። ማደንዘዣውን ወግታ መስፋት ጀመረች፤ የምትላትን ቃል እየፈለገች።

ሦስተኛው ስፌት ላይ ስትደርስ ግቢው ተናወጠ። በያጁ የፌሮ ብረት ይዞ መጣ። ዘበኛው «በሕግ አምላክ!» ብሎ እጁን ቢዘረጋ በፌሮው ክንዱን አለው፤ አጥንቱ ቀጭ ብሎ ሲሰበር እስከ ውስጥ ተሰማ። ቀጥሎ መስኮቱን አረገፈው። የመድኃኒት መደርደሪያውን በእርግጫ ገለበጠው፤ ክኒኑ ወለሉ ላይ እንደ በቆሎ ተበተነ።

«የታለች ያቺ ሸርሙጣ?»

የልብስ ሰፊዋን ፀጉር ጨምድዶ ይዞ ወደ ግቢው ጎተታት። መርፌው ከከንፈሯ በክር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። አይዞሽ ወገቡን ከኋላ ተጠመጠመችበት፤ በክርኑ አፍንጫዋን አላት፤ ተነሥታ እንደገና ተጠመጠመች፤ እንደገና አላት። በያጁ «በሽታ አምጥታብኝ ነው! ልትገድለኝ ነው!» እያለ ይጮኻል። ሰውስ ምን ይላል መሰላችሁ? ግማሹ የባልና ሚስት ጠብ ነው ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ጃኬት የለበሰ አንድ ጎልማሳማ «ይበላት፤ ዝም ብሎ የመታ የለም» አለ። እሱ ራሱ ለዚያው ክኒን ነበር ወረፋ የያዘው፤ ጉድ እኮ ነው!

በያጁ ጎኗን ረገጣት። ልብስ ሰፊዋ ሆዷን አቅፋ ተጠቀለለች። እጆቿን ሆዷ ላይ አጠበቀች። «ይህን ዲቃላ አወጣልሻለሁ!» ብሎ ፌሮውን ከፍ አደረገው።

«አንተ ታውቅ ነበር!» ብላ ጮኸች አይዞሽ። «አሥራ አራት ወር ሙሉ ያንኑ ክኒን ከእኔ እጅ ስትወስድ አልነበር? እሷ ሳታውቅ በፊት ታውቅ ነበር፣ አንተ ውሸታም!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ፌሮው አየር ላይ ቆመ። በያጁ ዞሮ አያት፤ ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ሁሉ ሟሟ።

«አደራ ብዬሽ አልነበር?» አላት ቀስ ብሎ።

ፌሮውን የቀማው ያ ጃኬት የለበሰው ጎልማሳ ነው፤ ቅድም ይበላት ያለው! የመጀመሪያውን ምት ያሳረፈውም እሱ ነው። ከዚያ ጡብ ያነሣ በጡብ፣ አግዳሚ ያነሣ በአግዳሚ፣ ባዶ እጁን የነበረ በጫማው። ከመንገድም እየሮጠ የገባ ነበር። እያንዳንዱ የራሱን ፍርሃት፣ የራሱን ድብቅ ካርድ የሚቀጠቅጥ ነበር የሚመስለው። አይዞሽ «ተዉት! ይበቃል! ሰው ነው!» ብላ ጮኸች፤ ማን ይስማት? ሲስተር ሮጠው ላዩ ላይ ተደፉ፤ የእሳቸውንም ግንባር በድንጋይ ፈነከቱት። የእሳቸውን ደም ሲያዩ ነው ሰዎቹ የነቁት። አንድ በአንድ አፈትልከው ወጡ።

አይዞሽ ደረቱን ተጫነች፣ ትንፋሽ ሰጠችው፣ እንደገና ተጫነች። የጎድን አጥንቱ ከእጇ ሥር ይንሸራተት ነበር። ከፖሊስ በፊት ሞት ደረሰ።

ልብስ ሰፊዋ በጉልበቷ እየዳኸች መጥታ የባሏን ጭንቅላት እቅፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ አይዞሽ ቀና ብላ «እየደበቅሽኝ ነበር» አለች። «ሁለታችሁም ትደብቁኝ ነበር። አሁን ደግሞ በሰው ፊት ለፈፍሽው። የእኔንስ ነገ ለማን ትለፍፊዋለሽ?»

በማግስቱ አግዳሚው ባዶውን ዋለ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መጥተው ካርዳቸውን ጠየቁ፤ አራት ቦታ ቀደው ኪሳቸው ከተቱና ሳይሰናበቱ ሄዱ። ሌላው ያንንም አላደረገ፤ ዝም ብሎ ቀረ። አይዞሽ አፍንጫዋ በፋሻ ታሽጎ የተበተነውን ክኒን ስትለቅም ዋለች።

«አጠፋሁ ሲስተር?» አለች። «ዝም ማለት ነበረብኝ? ልጁን ሊገድለው እኮ ነበር።»

«እኔም ብሆን እጮህ ነበር» አሉ ሲስተር። «ጥፋት መሆኑ ግን አይቀርም።»

በአምስተኛው ቀን ሲስተር ከውጭ ገብተው በሩ ላይ ቆሙ። «ልብስ ሰፊዋ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። ክኒን ከዋጠች አምስት ቀኗ። ሌሎችም ከኋላዋ ቆመዋል።»

«ታዲያ ይግቡ!»

«‹እሷ ካለች አንገባም› ነው የሚሉት ልጄ።»

አይዞሽ ሲስተርን አየቻቸው፤ እሳቸው ወለሉን አዩ። አገልግሎቷ ሊያልቅ ገና አንድ ዓመት ቀርቶታል። የካርድ ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ ወጣች።

መንገዱን ስትሻገር ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ደረሰች። ሆዷ ከፍ ብሏል። ከንፈሯን ሌላ ሰው ጨርሶ ሰፍቶታል።

«ክሩ ዛሬ መውጣት አለበት» አለቻት አይዞሽ። «እንዳያመረቅዝ ለሲስተር አሳዪያቸው።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን አዞረች። «መጀመሪያ አንቺ ራቂ» አለች። «እስከማላይሽ።»

አይዞሽ ራቀች። ጥጉን ታጥፋ ከአንድ ግንብ ጋር ተለጥፋ ቆመች፤ ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች። የክሊኒኩ በር ተከፈተ፤ «ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ» የሚለው የሲስተር ድምፅ መጣ። አይዞሽ «ተመስገን» አለች። ከዚያ እዚያው መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች።