ቀሚሱን እስክንተኩስ

በእኛ ቤት ሰው ሆስፒታል የሚሄደው ለብሶ ነው። ለብሶ ስል ለፋሲካ፣ ለሠርግና ለፍርድ ቤት እንደሚለበሰው ማለቴ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ፣ ሌላው ሰው ሲያመው መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። እኛ መጀመሪያ ካውያ እንሰካለን።

ሕጉን ያወጣችው አክስታችን ቨርሊን ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንና እህቴን ጆኔልን ያሳደገችን እሷ ናት፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ነጭ ጓንት አጥልቃ የቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ትቆምና ምእመኑን እየመራች ታስቀምጣለች። ጆኔል ከተወለደች ጀምሮ ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ አለባት። የደሟ ሕዋሳት እንደ ማጭድ ይታጠፉና የደም ሥሮቿን ይዘጋሉ፤ ያን ጊዜ አጥንቷ ውስጥ ሚስማር የሚመታባት ይመስላታል። የሚያስታግስላት ጠንካራ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱን ሱሰኞችም ይወዱታል። እና እንደ እኛ ያለ ጥቁር ሰው ድንገተኛ ክፍል ገብቶ «አመመኝ» ሲል መጀመሪያ የሚመረመረው ደሙ ሳይሆን ጠባዩ ነው።

ስለዚህ ሕግ አለን። የመድኃኒቱን ስም አትጥሪ፤ ስሙን ካወቅሽ ሱሰኛ ነሽ። ምን ያህል እንደሚበቃሽም አትናገሪ። አትጩኺ፤ ጥበቃ ይጠራብሻል። ዝምም አትበይ፤ ዝም ካልሽ አላመመሽም። በሁለቱ መሀል ልኩን የጠበቀ አቃሳሰት አለ፤ አክስቴ በልጅነታችን ሳሎን ውስጥ አስቀምጣ አለማምዳናለች። «በጣም ዝቅ አለ፣ እንደገና። ኧረ አሁን ደግሞ ድራማ ሆነ!» እኔ በሽታው የለብኝም፤ ለክፉ ቀን ይሆነዋል ብላ እኔንም ፈተነችኝ። አልፌያለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ልብሱ ነው። ሰማያዊው የቤተ ክርስቲያን ቀሚስ፣ የዕንቁ ሐብል፣ ሽፍን ጫማ፣ ከዚያ አንገቷ ላይ ጆኔል ኬሚስትሪ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት መታወቂያ፣ ፎቶው ወደ ውጭ ዞሮ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጆኔል ከመታጠቢያ ቤት ጠራችኝ።

«ዴሪየስ፣ መጣብኝ። ዛሬ ደረቴ ላይ ነው።»

የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ። አክስቴ ከቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት ቀሚሱን ዘርግታ ቆማለች።

«ይሄ እኮ ተጨማዷል» አለች።

«አክስቴ፣ ተይው በቃ፣ እንሂድ!»

«እንደዚህ ሆኖ? ከመንገድ ያነሳናት ነው የሚመስላቸው።»

«አሟታል እኮ ነው የምልሽ!»

«ማመሟንማ እኔ አውቃለሁ። እነሱ እንዲያውቁ ነው የምተኩሰው።»

ጆኔል ሶፋው ላይ ትራስ ነክሳለች። ከእኔ ጋር የምትቆም መስሎኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን አንዴ በቱታ ሄዳ፣ የሆስፒታሉ ጥበቃ የቤት አልባዎች መጠለያ በየት በኩል እንደሆነ በትሕትና አሳይቷታል። ትራሱን ከአፏ አውጥታ፣ «ተኩሺው» አለች። «እጅጌውንም አትርሺ።»

አክስቴ እጅጌውን አልረሳችም። አንገትጌውንም ሁለቴ ተኮሰችው።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረችው ነርስ ፊቷ በራ። ነጭ ናት፣ ፈገግታዋ የሚያምር፣ ዕድሜዋ የአክስቴ የልጅ ልጅ ቢያደርጋት ነው።

«ውይ ቀሚስሽ እንዴት ያምራል! ከሠርግ ነው የመጣችሁት?»

«አይደለም እመቤቴ» አለች አክስቴ። «ቨርሊን እባላለሁ፣ አክስቷ ነኝ። ሲክል ሴል አለባት፤ ደረቷን እያመማት ነው። እባክዎ ቶሎ ቢያዩልን።»

«እሺ ቨርሊን፣ የኔ ቆንጆ። አክስቷ መሆንሽን የሚያሳይ ነገር ይዘሻል?» አለችና ወደ ጆኔል ዞረች። «ሕመምሽ ከአሥር ስንት ነው?»

ለዚህም ሕግ አለን። አሥር ካልሽ አጋነንሽ፤ ሰባት ካልሽ ትጠብቂያለሽ።

«ስምንት» አለች ጆኔል፣ በተለማመድነው ፈገግታ።

ነርሷ ዕንቁውን አየች፤ ጫማውን አየች። «ስምንት ሆኖ እንዲህ ዘንጠሽ? እኔ ስምንት ቢያመኝ ከአልጋዬም አልነሳ!» ሳቀች። በክፋት አልነበረም፤ የምሬን ነው። «ቁጭ በሉ፣ ይጠሯችኋል።»

ተቀመጥን። አልተጠራንም። ጆኔል ልኩን ጠብቃ አቃሰተች፤ እንዲያውም እንደዚያን ቀን አሳምራ አቃስታ አታውቅም። ሌሎች ገቡ፣ ታክመው ወጡ። አክስቴ ተነስታ «ይቅርታ እመቤቴ» አለች፤ «ትንሽ ታገሽ ቨርሊን» ተባለች። ቆይታም ደገመችው። ከዚያ በኋላ አልተነሳችም፤ ሦስተኛው ጭቅጭቅ ተብሎ ይቆጠራል፣ እሱም ሕግ ነው።

«ሜረዲትን ጥራት» አለች ጆኔል። ድምፅዋ ተቆራርጧል።

«አይሆንም» አለች አክስቴ። «እኛ ራሳችንን ችለን የቆምን ሰዎች ነን።»

ሜረዲት እህቴ ከምታስተምርበት አጠገብ ባለው ክፍል ታሪክ የምታስተምር ነጭ ጓደኛዋ ናት። ደወልኩላት።

ከሐይቅ ዳር ነው የመጣችው። ቁምጣዋ እርጥብ ነው፣ ደረቷ ላይ የጥብስ ስጎ ፈሶበታል፣ ቢራ ቢራ ትሸታለች፣ የአንድ እግሯ ሰንደል ተበጥሶ ትጎትተዋለች። በሕጋችን መሠረት ከበሩ ማለፍ አልነበረባትም።

«እዚህ ምን ታደርጋላችሁ? ከንፈሯ እኮ አመድ መስሏል!» አለችና ጠረጴዛውን በመዳፏ ደበደበችው። «ስሚ አንቺ! ጓደኛዬ ሲክል ሴል አለባት፣ ደረቷን ነው ያመማት! ኦክስጅን አምጡ፣ አሁን!» ከዚያ የመድኃኒቱን ስም ጠራች። ልኩን ተናገረች። በየትኛው ክንዷ እንደሚሰጣት ጨመረች። አንድ የስድብ ቃልም መሀል ላይ ጣል አደረገች።

ሁሉንም ሕጎቻችንን በአንድ ትንፋሽ ጣሰቻቸው። በሩ ላይ የቆመውን ጥበቃ ቀና ብዬ አየሁት። ጥቁር ነው፣ በአባቴ ዕድሜ። እሱም አየኝ፤ ከዚያ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ።

ነርሷ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ እንደዚህ እንዳመማት ማንም አልነገረኝም እኮ! ቤተሰብ ነሽ?»

«እህቷ ነኝ» አለች ሜረዲት።

ማስረጃ አምጪ ያላት የለም። ተሽከርካሪ ወንበር በሩጫ መጣ።

ውስጥ ቀሚሱን በመቀስ ቀደዱት። ጊዜ አልነበረም ተባለ።

ቆይቶ ሐኪሙ ወጣ። ሳንባዋ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ተዘግተዋል። «ትተርፋለች፤ ሳንባዋ ግን ተጎድቷል። እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል» አለ። «በዚህ በሽታ ደረት ሲያም ጊዜ አይባክንም። እንደጀመራት ለምን አላመጣችኋትም?»

አክስቴ እጆቿን አየች። «ልብስ እያለበስናት ነበር ዶክተር።»

«ልብስ?»

«ቀሚሱ ተጨማዶ ነበር።»

ሐኪሙ፣ እንደ እኛ ዓይነት ሰዎችን ለማስተማር ብዙ እንደሚቀር እንደተረዳ ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ሲክል ሴል ግንዛቤ የሚያስጨብጥ፣ ሥዕል ያለው ወረቀት ሰጠን። እዚያ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ስለተቀመጥንበት ጊዜ የጠየቀ የለም።

ሜረዲት መኪና ማቆሚያው ድረስ ሸኘችን። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ዝም ብላችሁ ለምን አልጠየቃችሁም? እኔ እኮ ጠየቅኩ እንጂ ሌላ ምንም አላደረግኩም።»

አክስቴ አቀፈቻት፣ አመሰገነቻት፣ ምግብ እንድትበላ መከረቻት። መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «ደግ ልጅ ናት» አለች። የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ስንጠብቅ ደግሞ፣ «ፀጉሯን እንኳን አላበጠረችም» አለች፣ ለራሷ።

ጆኔል አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ታርፋለች። ትምህርት ቤቱ እንድትመለስ ይጠብቃታል፤ እሷ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ቆማ ማስተማር ትችል እንደሆነ አታውቅም።

አክስቴ በዚያው ሳምንት ጨርቃ ጨርቅ ቤት ይዛኝ ሄደች። እያንዳንዱን ጨርቅ በጡጫዋ ጨምቃ ትይዝና ትለቀዋለች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ታየዋለች። ሻጩ ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት።

«የማይጨማደድ» አለችው።

አገኘች። ሰማያዊ ነው፣ ከመቀሱ በፊት እንደነበረው። ቤት ወስዳ ዘረጋችው፣ አጥፋ ተቀመጠችበት፣ ተነስታ አሳየችን። አንድም መስመር የለበትም።

ጆኔል ከሶፋው ላይ አየችው። «አክስቴ» አለች፣ በየቃሉ እያረፈች፣ «ካንቺ ቀሚስ የሜረዲትን ቁምጣ ብዋስ ይሻለኛል።»

ሳቅኩ። አክስቴ አልሳቀችም። መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

«አንቺ ላይ ሲሆን ቁምጣ ብቻ ነው» አለች። «ነይ ቁሚ፣ ትከሻሽን ልለካው።»

ጆኔል ቱቦዋን ወደ ጎን አድርጋ ቆመች።