የጦስኝ ዘይት

ጋሽ የሱፍ ካልጋሪ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ የወሎ ሰው ናቸው። ስኳር አለባቸው። ባለፈው መከር ቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ሰነበተና ሐኪሙ ጣቱ መቆረጥ እንዳለበት ነገራቸው።

በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምታጠናው ልጃቸው ፊርደውስ ደስ ብሏት ፋልከንሪጅ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው መጣች። ከደሴ ከተላከላት ጦስኝ ያወጣችውን ዘይት ባክቴሪያ የበቀለበት ሳህን ላይ ጠብ አድርጋው ነበር። ፎቶውን በስልኳ አሳየቻቸው። ጠብታው ባረፈበት ዙሪያ ባክቴሪያው ድራሹ ጠፍቷል።

"ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ነገሮች አሉበት፣ አባዬ። የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሱታል፤ ውስጡ ያለው ፈስሶ ይሞታል።"

"የኔንም ቁስል ያደርቀዋላ!"

"ኖ፣ ኖ፣ ገና ነው። መጀመሪያ የሰው ሴል ላይ ቴስት ማድረግ አለብኝ።"

በጋሽ የሱፍ ጆሮ የገባው "ገና ነው" የሚለው ብቻ ነበር። ገና ከሆነማ ይደርሳል። ለማንም ሳይናገሩ ጣታቸው የሚቆረጥበትን የሆስፒታል ቀጠሮ ካንስል አደረጉ።

ፊርደውስ ዘይቱን የሰው ቆዳ ሴሎች ላይ ሞከረችው። ከባክቴሪያው እኩል ሞቱ። ስታቀጥነው ሴሎቹ ተረፉ፤ ባክቴሪያውም ተረፈ። ደጋግማ ሞከረች፤ ያው ሆነ።

"አልሆነም፣ አባዬ" ልትላቸው የመጣች ዕለት በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ አገኘቻቸው። ካልሲያቸውን ስታወልቅ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጠቁሯል።

"ወደ ቀጠሮዎ አልሄዱም እንዴ?"

"አንቺን እየጠበቅኩ ነበር" አሉ።

እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ታክሲው ተሸጠ። ባለቤታቸው አይሹ፣ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ተጨማሪ ሺፍት ያዘች። ፊርደውስን ፕሮፌሰሯ "አለመሥራቱም ጥሩ ውጤት ነው፤ ጻፊው" አላት። ጻፈችው። አባቷ ስለ ላቦራቶሪ ሥራዋ መጠየቅ ትተዋል፤ እሷም አታነሳባቸውም።

ሰሞኑን የቀረውን እግራቸውን ስታጥብላቸው ተረከዛቸው ላይ የተሰነጠቀ ቁስል አየች። በጣቷ ዙሪያውን ጫን አደረገችው።

"ያማል?"

"ምንም አይሰማኝም።"

የፈራችው ይህንኑ ነበር፤ ስኳሩ የዚህኛውንም እግር ስሜት ገድሎታል። ስልኳን አንስታ ሐኪም ቤት ልትደውል ስትል እጇን ያዟት።

"ደውዪ። ብቻ እንዳትዋሺኝ፤ ይኸኛውንም ይወስዱታል አይደል?"

ፊርደውስ ደውላ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ያዘችው። እግራቸውን በፎጣ ማድረቅ ጀመረች።