መስኮቱ ላይ ያለችው

የቤተ ክርስቲያኑ ትልቁ ባለ ቀለም መስታወት መስኮት ለጥገና የወረደ ዕለት ልጅቱ እህል አልወርድ አላት። ከላይኛው ረድፍ ያለችውን መልአክ የሳለው አባቷ ነው፤ የሳለውም እናቷን አይቶ ነው። እናቷ ፎቶ መነሣት የማትወድ ሴት ነበረች፤ ልጇን ጡት ሳታስጥል ሞተች። መልኳን በጠየቀችው ቁጥር አባቷ «መስኮቱ ላይ አለችልሽ» ይላት ነበር። መስኮቱ ግን አንጋጠው ፊት የማይለዩበት ከፍታ ላይ ነው። አባቷም ካረፈ ቆየ።

አሁን በአባቷ ወርክሾፕ ከአባቷ ባልደረባ ጋር ትሠራለች። የሚሠሩበት የእርሳስ ብረት ጥቁረት ከእጃቸው ስለማይለቅ ሠፈሩ «ጋሼ እርሳስ» ይላቸዋል።

«ቀስ በይ እንጂ» አሏት፣ መስታወቶቹን የሚያያይዘውን እርሳስ እየፈለቀቁ። «በዓይንሽ ልትሰብሪው ነው?»

«እርስዎ ሲንቀረፈፉ ምን ላድርግ?»

«ተንቀርፍፌ ነው ጣቶቼን ይዤ ያረጀሁት።»

ፊቱ ያለበት ቁራጭ ወጣ። የደረቀውን ስቱኮ ጠርጋ ወደ ብርሃን አነሣችው። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፤ ገርጣ ያለ ባዶ መስታወት ነው።

በጣቷ ዳሰሰችው። ቀለም የተቀባው ገጽ ወደ ቤት፣ ልሙጡ ወደ ዝናብ ይዞራል፤ ሙያው ሲጀመር የሚነገረው ይኸው ነው። ይህ ግን ተገልብጦ ተገጥሞ፣ ዝናብ ስንት ክረምት ሙሉ ሲልሰው ኖሯል።

«አባቴ ይህን ይስታል?»

ጋሼ እርሳስ ጉጠቱን አስቀመጡ። «በእናትሽ ቀብር ማግስት ነው የገጠመው። ተው ብንለው አልሰማ አለ። ያን ቀን ዓይኑ የት ያይ ነበር?»

ልጅቱ ገጹን እንደገና ዳሰሰችው።

«መልኳ አይጠፋኝም» አሉ ጋሼ እርሳስ። «በስስ መስታወት ስዬ ከኋላ እደርብልሻለሁ።»

ልቧ ከጀለ። ቁራጩን ግን ወደ ደጁ አዘንብላ አየችው። ቀለሙ ዐርፎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ለስለስ ብሎ ቀርቷል፤ አንድ ቅንድብ፣ ከጉንጭም ጥቂት። ጋሼ ከሳሉበት አባቷ የቱ ጋ እንዳበቃ ከእንግዲህ አትለየውም።

«እርስዎ የሳሏት ትሆንብኛለች እንጂ አባቴ የሳላት አትሆንም፣ ጋሼ።»

«እኔ እንኳ አሳምሬ ነበር የምስላት።»

«አውቃለሁ።»

ቁራጩን በትክክለኛው ገጹ አዙራ፣ ከኋላው ዝናብ የሚመክት ንጹሕ መስታወት ደረበች። ጋሼ እርሳስ አዲሱን እርሳስ ዙሪያውን አለበሱት።

«እርሳሱን ልዝጋው?»

መስኮቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ቅንድቡ ከታች ላለ ለማንም አይታይም። ጣቷን አሳረፈችበት።

«ትንሽ ይቆዩ» አለች።